ከኮሚኒዝም በኋላ የመጡት የውጭ ኤንጂኦዎች፣ ድምፅ ቆጠራው እና መዋጮው

ዩኤስኤአይዲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 በይፋ ከተዘጋ ወዲህ ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በተገናኘን ቁጥር አንድ ክርክር ይነሳል። ግማሹ «ድሮም ዲሞክራሲ ግንባታ ምናምን የሚሉት ጣልቃ ገብነት ነበር፣ እንኳን ቀረ» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «በቃ አለቀልን፣ አሁን ማን ይደግፈናል» ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ፈረንጁ ነው፣ ስለኛ የሚያወራ የለም። እኔ በሲቪክ ትምህርት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ማህበር ውስጥ ለዓመታት ስለቆየሁ ነገሩ እንዲሁ አላልፍህ ብሎኛል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ሄጄ ምስራቅ አውሮፓ ላይ የሆነውን ሳነብና ከኛው ጋር ሳስተያይ ከርሜ ያሰብኩትን እዚህ ልጽፈው ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኛን በኛው ነው የምጽፈው።

ድኅረ ኮሚኒዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፖላንድና ቼክ ነው። እኛም እኮ ከዛው ነው የወጣነው። በማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሚምል ኢሠፓ የሚባል አንድ ፓርቲ ነበረን፣ አብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተሰቅሎ ያየን ሰዎች ብዙ ነን፣ ቀበሌው፣ የወጣቱ ማህበር፣ የሴቶቹ ማህበር፣ የገበሬው ማህበር ሁሉ የመንግሥት እጅ ነበር። የበርሊን ግንብ በ1989 መጨረሻ ፈረሰ፣ ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ፣ በመሃል ሁለት ዓመት እንኳን የለም። የመጡት ሰዎችም ተመሳሳይ ናቸው፤ ቡልጋሪያ ላይ በ1990 ምርጫ ሲያግዝ የነበረው ኤንዲአይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሰኔ 1984 የክልል ምርጫ ሲካሄድ እኛም ጋ ታዛቢ ሆኖ መጥቷል።

አንድ የወረስነው ነገር አለ፣ ስለሱ ብዙም አይወራም። በነዛ አገሮች ሁሉ ማህበር ማለት ግዴታ ነበር። ስብሰባ ካልወጣህ ትጠየቃለህ፣ መዋጮ ካልከፈልክ ስምህ ይያዛል። እናቴ ለእናት አገር ጥሪ ከደመወዟ የተቆረጠውን እስካሁን ታነሳዋለች። ከዛ ሥርዓት የወጣ ሰው «ኑ በነፃ እንደራጅ» ሲሉት መጀመሪያ የሚያስበው መራቅን ነው፣ ከዋርሶ እስከ አዲስ አበባ ይሄ አንድ ነው። እና ፈረንጆቹ ገንዘብና ሥልጠና ይዘው ሲመጡ የገቡት እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው፣ አባል በሌለበት፣ አባል መሆንን ሰው በሚሸሽበት አገር።

ያመጡት ነገር ግን ቀላል አይደለም፣ ይሄን የሚክድ ሰው የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ ላይ የሆነውን አላየም። ቡልጋሪያን 35 ዓመት የገዛው ቶዶር ዚቭኮቭ በኅዳር 1989 ከወረደ በኋላ በሰኔ 1990 ምርጫ ተደረገ። ያኔ ማንም ማንንም አያምንም። የምርጫ ኮሚሽን የሚባለውን ማን ይመነው? በዚህ መሃል የቡልጋሪያ ሰዎች ለፍትሐዊ ምርጫ ብለው አንድ ማህበር አቋቋሙ፣ ኤንዲአይም ፈጣን ቆጠራ የሚባለውን ሙያ አስተማራቸው። ይሄ ሙያ ከአሜሪካ ፋብሪካ ተጠቅልሎ የመጣ አይደለም፣ ፊሊፒንስ ውስጥ በ1986 ፕሬዚዳንቱ ማርኮስ ድምፅ ሲሰርቅ ናምፍሬል የተባለ የዜጎች ማህበር የራሱን ቆጠራ አድርጎ ነበር፣ ቺሊም በ1988 ወታደራዊ ገዢዋን ፒኖቼን «አይሆንም» ባለችበት ሕዝበ ውሳኔ ተሠርቶበታል፣ ውጮቹ ያደረጉት ከአንዱ ወስደው ለሌላው ማድረስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሉት የምርጫ ጣቢያዎች ውስጥ በዕጣ፣ ማለትም ማንም እንደፈለገ ሳይሆን በስታቲስቲክስ መንገድ፣ የተወሰኑት ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የሰለጠነ ሰው ጠዋት ሳይከፈት ይገባል፣ ኮሮጆው ባዶ መሆኑን ያያል፣ ቀኑን ሙሉ አይነሳም፣ ማታ ሲቆጠር አጠገቡ ይቆማል፣ ቁጥሩን በቅጹ ይጽፋል፣ ስልክ ወዳለበት ሄዶ ይደውላል። ማዕከል ላይ የተቀመጡት ይደምሩታል። በአንድ ሌሊት የአገሩን ውጤት በጣም ተጠግቶ ማወቅ ይቻላል። የሶፊያው ቆጠራ ያሳየው ምን መሰላችሁ፣ የድሮዎቹ ኮሚኒስቶች፣ ስማቸውን ወደ ሶሻሊስት ፓርቲ ቀይረው የቀረቡት፣ በእርግጥም ማሸነፋቸውን ነው። ተቃዋሚውን የመረጠው የከተማ ወጣት ተናዶ አደባባይ ወጥቶ ነበር፣ ተጭበርብረናል ብሎ። ግን የራሳቸው ሰዎች ቆጥረው ያመጡት ቁጥር ከመንግሥቱ ቁጥር ጋር ገጠመ። የውጭ ድርጅት የሚፈልገውን ፓርቲ ሊያነግሥ ነው የሚመጣው ለሚሉት ወገኖች ይሄን ታሪክ አነሳላቸዋለሁ፣ የውጭ ድርጅት ያሰለጠናቸው ሰዎች የኮሚኒስቶቹን ድል ነው ያረጋገጡት።

ሰርቢያ ግን ከዚህ ትለያለች፣ እዛ የአሜሪካ እጅ በጣም ገብቷል፣ መደበቅ አያስፈልግም። በ2000 የአገሪቱን መሪ ሚሎሼቪችን ለመጣል በተደረገው ዘመቻ ኦትፖር ለተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ሥልጠናው ቡዳፔስት ሆቴል ውስጥ ተሰጥቷል፣ ግድግዳ ላይ ለመጻፊያ 5,000 ቆርቆሮ ስፕሬይ እና «አለቀለት» የሚሉ 2.5 ሚሊዮን ተለጣፊ ወረቀቶች በአሜሪካ ገንዘብ ተገዝተዋል፣ በጊዜው የዋሽንግተን ጋዜጦች ራሳቸው ጽፈውታል። ሴሲድ የሚባለው የሰርቢያ ማህበርም በሶፊያው ዓይነት ሙያ ቆጠረ። መስከረም 24 ምርጫ ተደረገ፣ የመንግሥት ኮሚሽን የተቃዋሚው ዕጩ ኮሽቱኒጻ ከ50 በመቶ በታች ነው ያገኘው፣ ሁለተኛ ዙር ይደረግ አለ፣ ሕዝቡ ግን ቁጥሩን አስቀድሞ አውቆታል። ከዛ በኋላ የሆነውን ነው ማስተዋል ያለብን፤ የኮሉባራ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፣ ፖሊስ ሲላክባቸው ከዙሪያው ከተሞች ሰው ተግተልትሎ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ያን ማንም ዶነር፣ ማለትም የውጭ ገንዘብ ሰጪ፣ አልከፈለበትም፣ የማዕድን ሠራተኛ ደመወዙን ትቶ የሚቆምበትን ምክንያት በፕሮፖዛል መጻፍ አይቻልም። ስፕሬይ ይገዛል፣ የሚወጣ ሰው አይገዛም።

ፖላንድንም ሳይ የማየው ይሄንኑ ነው። ሶሊዳሪቲ የተባለው ነፃ የሠራተኞች ማህበር በ1981 ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ አባል ነበረው። ከዛ ማርሻል ሎው ታውጆ መሪዎቹ ሲታሰሩ የአሜሪካ የሠራተኛ ማህበራትና ሌሎች በስውር የማተሚያ መሣሪያና ገንዘብ ልከዋል፣ ጠቅሟል። ግን መሣሪያው የደረሰው ባለቤት ያለው ቤት ውስጥ ነው። ባለቤት ያለው ቤት ውስጥ የገባ እቃ ይሠራል።

ሃንጋሪ ለኔ ከሁሉም የከበደችው ታሪክ ናት። ጆርጅ ሶሮስ ገና ኮሚኒዝሙ ሳይወድቅ፣ በ1984፣ ከአገሪቱ ሳይንስ አካዳሚ ጋር ተስማምቶ ፋውንዴሽን ከፈተና ለቤተ መጻሕፍትና ለዩኒቨርሲቲ የፎቶኮፒ ማሽን ማደል ጀመረ። ፎቶኮፒ ዛሬ ሰፈር ውስጥ በየሱቁ ያለ ነገር ነው፣ ያኔ ግን መንግሥት ማን ምን እንዳባዛ የሚቆጣጠርበት አገር ነበር፣ ማሽኖቹ ሲበዙ መቆጣጠሩ አልተቻለውም። ከዛ ገንዘብ የስኮላርሺፕ ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ከተማሩት አንዱ ቪክቶር ኦርባን ነው። በሰኔ 1989 የሶቪየት ጦር ይውጣ ብሎ በአደባባይ የተናገረው ወጣት። ይኸው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ በ2017 ከውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ማህበራት እንዲመዘገቡና «በውጭ የሚደገፍ» የሚል ምልክት እንዲለጥፉ ሕግ አወጣ፣ ሶሮስ የመሠረተው ዩኒቨርሲቲም ዋና ሥራውን ነቅሎ ወደ ቪየና ሄደ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈረደ፣ ግን ጉዳቱ ደርሷል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው ሲመረት ኖሮ ዩኒቨርሲቲው ከአገር ሲወጣ የቡዳፔስት ሰው አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል፣ በገጠሩ ሃንጋሪ ግን ኦርባን ምርጫውን በሰፊው ደጋግሞ አሸነፈ። የዋና ከተማው ማህበራት እገጠር ድረስ የሚወርድ ሥር አልነበራቸውም።

አሁን ወደኛ ልምጣ፣ ምክንያቱም ልቤ ያለው እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ በ1984 መጀመሪያ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መሪነት ሲመሠረት ደርግ ከወደቀ ገና ወራት ናቸው። ከዛ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር መጣ፣ ገንዘብ የሌላት ሴት ባሏን ከስሳ ጠበቃ የምታገኝበት። አብዛኛው ገንዘብ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነበር የሚመጣው፣ ሥራው ግን የኛ ሰው ሥራ ነው፣ የተገደለ ሰው ስም የሚመዘግበው፣ እስር ቤት የሚመላለሰው የኛ ሰው ነው።

1997 ደረሰ። ያንን ዓመት የኖረ ሰው አይረሳውም፣ ክርክሩ በቴሌቪዥን፣ ሱቁ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ ሁሉ። ምርጫው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በመጋቢት፣ ኤንዲአይ፣ አይአርአይ እና አይኤፍኢኤስ የተባሉት ሦስቱ የአሜሪካ ድርጅቶች አልተመዘገባችሁም ተብለው ከአገር ተባረሩ። ጊዜውን ተመልከቱ፤ በፈረንጆቹ ጆርጂያ በ2003፣ ዩክሬን በ2004 መንግሥታቸው በአደባባይ ሰልፍ ወድቋል፣ የቀለም አብዮት የሚባለው ወሬ አዲስ አበባም ደርሷል። እና ኮሮጆ የሚጠብቅ፣ ቁጥር የሚደምር ሰው የሚያሰለጥን ድርጅት ለሥልጣን አስፈሪ ሆነ። አገር በቀል ማህበራት ደግሞ እንታዘብ ሲሉ ምርጫ ቦርድ ከለከላቸው፣ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ ግን ቀናት ሲቀሩት ነው የተፈረደው፣ በዛ ቀን ሰው አሰልጥነህ የትኛው ወረዳ ትልካለህ።

ግንቦት 7 ማታ ሰፈራችን ጣቢያ በር ላይ ውጤቱ ሲለጠፍ ከነበሩት አንዱ ነበርኩ። በእጅ የተሞላ ቅጽ ነው፣ ፊርማና ማህተም ያለው፣ መብራቱ ደካማ ስለነበር አንድ ጎረምሳ ባትሪ ያበራል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከኋላ ያሉት በደብተር፣ በእጃቸው መዳፍ፣ በሲጋራ ወረቀት ሁሉ ይጽፋሉ። ማንም አላሰለጠናቸውም። ያ ወረቀት ፈጣን ቆጠራ ማለት ነበር፣ የጎደለው ከመላው አገር የሚሰበስበውና የሚደምረው፣ ወገንተኛ ያልሆነ የኛ ድርጅት ብቻ ነው። ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር ውስጥ 137ቱን ወሰደ፣ ስለ አዲስ አበባ ማንም አልተከራከረም፣ ክርክሩ ስለ ገጠሩ ነበር፣ እዛ ደግሞ ሁሉም ወገን የሚያምነው ሁለተኛ ቁጥር አልነበረንም። የአውሮፓ ኅብረትና የካርተር ማዕከል ታዛቢዎች ነበሩ፣ ግን ለዚህ ሁሉ ጣቢያ የነሱ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ከዛ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ ራሱ 193 ሰው መገደሉን ቆጥሯል። ሶፊያ ላይ ያበረደው ዓይነት ቁጥር እኛ ጋ ቢኖር ይሄ ሁሉ ሰው ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፣ ግን ሳስበው ያመኛል።

ዳንኤል በቀለና ነጻነት ደምሴ ታሰሩ፣ አንዱ አክሽን ኤይድ በሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ሌላው አገር በቀል ማህበር የሚመራ፣ ሁለቱም ለዛ ምርጫ ዜጋው እንዲታዘብ የለፉ። እስከ 2000 ድረስ እስር ቤት ቆዩ። የፈረንጅ ድርጅት ከለላ ይሆናል የሚባለው የት ድረስ እንደሚሠራ ያኔ ታየ።

ቀጥሎ አዋጅ 621/2001 መጣ። በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ ላይ የሚሠራ ማህበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ። ሩሲያ በፈረንጆቹ 2006 ኤንጂኦ ላይ ሕግ አጥብቃ ነበር፣ በ2012 ደግሞ «የውጭ ወኪል» የሚለውን ስም አመጣች፣ የኛው 2001 በነሱ 2009 ስለሆነ በመሃል ነው። የኢሰመጉና የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ ኢሰመጉ 12 ቢሮ የነበረው ወደ 3 ወረደ። ሌሎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ «መብት» የሚለውን አውጥተው «ልማት» አስገቡና ቀጠሉ፣ የኔም መሥሪያ ቤት ከነሱ አንዱ ነው። ሕጉ ጨካኝ ነበር፣ ለማፈን ነው የወጣው፣ በዚህ ላይ አንድም ጥርጣሬ የለኝም። ግን ደግሞ አንድ ጥያቄ ትቶብኝ ሄደ። 90 በመቶውን ከአገር ውስጥ አምጡ ስንባል ለምን ሁላችንም ባዶ እጃችንን ተገኘን? በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ባለበት አገር ለምን በወር አሥር ብር የሚከፍል ሺህ አባል የሌለን ሆንን?

ድህነት ነው ይባላል። አይደለም፣ ወይም ድህነት ብቻ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ የወረዳ ከተማ አዳራሽ ሥልጠና ስንሰጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ርዕሱ ተጠያቂነት ነው፣ ፍሊፕ ቻርት ተሰቅሏል፣ ሻይ በዳቦ ተዘጋጅቷል፣ አበል አለ። ከሥልጠናው ሁሉ በጣም የምንጠነቀቅለት ወረቀት የስም ዝርዝሩ ነበር፤ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ፊርማ። ዶነሩ የሚቆጥረው እሱን ነው፣ ሴት ስንት፣ ወጣት ስንት፣ ስለዚህ አንድ ፊርማ ከጎደለ ቤቱ ድረስ ሰው እንልክ ነበር። ሰዎቹ በትህትና አዳመጡን፣ ጥያቄ አልነበራቸውም፣ ፈርመው አበላቸውን ተቀበሉ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ለሌላ ስብሰባ ልቀቁ ተባልን፣ የእድር ጠቅላላ ስብሰባ ነው፣ እቃ እስክንሰበስብ ድረስ ጥግ ላይ ቆሜ አየሁት። ጠዋት ዝም ብለው የተቀመጡት እነዛው ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ተነስተው «ጋሼ፣ የድንኳኑ ኪራይ ደረሰኝ የታለ? ባለፈውም አላሳዩንም» ብለው ገንዘብ ያዡን ፊት ለፊት ጠየቁት። ሰውየው ይንተባተባል፣ ዳኛው ሊያልፉት ይሞክራሉ፣ «አይታለፍም!» አለ ቤቱ። ሒሳቡ በድምፅ ተነበበ፣ ጎደለ፣ ተከራከሩ፣ እጅ አውጥተው ገንዘብ ያዡን ቀየሩት፣ አዲሱ ወዲያው ደብተሩን ተረከበ። የዲሞክራሲ ሥልጠና እንሰጣቸው የነበሩት ሰዎች ይሄን ያውቃሉ፣ የሚጠይቁት ግን የከፈሉበትን ነው። ለኛ ማህበር አልከፈሉም፣ ስለዚህ ደረሰኛችንን የሚጠይቀን ሰው ወይ ብራስልስ ነው ወይ ዋሽንግተን።

ለዚህ ነው ከሁለቱም ተከራካሪ ጓደኞቼ ጋር የማልስማማው። የውጭ ድርጅቶቹ ሙያ አምጥተዋል፣ መሣሪያ አምጥተዋል፣ የታሰረ ሰው ስም በዓለም ፊት እንዲነሳ አድርገዋል፣ ይሄ ሁሉ እውነተኛ ውለታ ነው። ማምጣት የማይችሉት ደረሰኝ የሚጠይቅ አባል ነው፣ ይባስ ብሎ ገንዘቡን እነሱ ሙሉ በሙሉ ሲሸፍኑት አባል የመፈለግ ምክንያታችን ጠፋ። አዋጅ 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ ሲያነሳ ሁላችንም ደስ አለን፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ግን የሮጥነው ወደ አባል አልነበረም፣ ወደ ኮል ፎር ፕሮፖዛል፣ ዶነሩ ፕሮፖዛል አምጡ ብሎ ወደሚያወጣው ጥሪ፣ ነበር። በ2013 ምርጫ የአውሮፓ ኅብረት ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ቀርቶ የታዛቢ ቡድኑን ሰረዘ፣ ጣቢያ ጣቢያው ላይ የቆሙት የአገር ውስጥ ማህበራት ያሰማሯቸው ዜጎች ናቸው፣ ያን ቀን በጣም ኮርቼባቸዋለሁ። የነሱም በጀት ግን በአብዛኛው የውጭ ነበር።

ሃንጋሪዎችና ፖላንዶች አንድ የሠሩት ነገር አለ፣ ለምን እኛ ጋ እንደማይወራ አይገባኝም። ሃንጋሪ በ1996 ባወጣችው ሕግ ግብር ከፋዩ ከከፈለው የገቢ ግብር ላይ 1 በመቶውን ለመረጠው ማህበር እንዲሄድ ፎርሙ ላይ የማህበሩን ቁጥር ይጽፋል። ከኪሱ ተጨማሪ አያወጣም፣ መንግሥት የሚወስደውን ነው የሚያዝዘው። ስሎቫኪያም ፖላንድም ተከተሉ፣ ፖላንድ ከ2004 ጀምሮ ነው፣ አሁን 1.5 በመቶ አድርሳዋለች። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፣ ኦርባንንም አላስቆመም። ግን ማህበሩ በዓመት አንዴ ተራ ሰው ፊት ቀርቦ «ይሄን ሠርቻለሁ፣ ምረጡኝ» ማለት አለበት፣ አንዲት ቡዳፔስት ያለች አስተማሪም የትኛው ማህበር እንደሚገባው መወሰን አለባት።

እኛ ጋ እንዳለ አይሠራም፣ ምክንያቱም የደመወዝ ግብራችንን አሠሪው ቆርጦ ነው የሚያስገባው፣ ሠራተኛው ፎርም አይሞላም። ስለዚህ በፔይሮል፣ በአሠሪው የደመወዝ መክፈያ፣ በኩል መሆን አለበት። ከደመወዝ ቆርጦ ለጋራ ነገር መስጠት ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ለዓባይ ግድብ ቦንድ ስንቱ ሰው የወር ደመወዙን ከፋፍሎ ሰጥቷል። እዛ ላይ ግን በፈቃዱ የሰጠም አለ፣ እምቢ ማለት የከበደው ሠራተኛም አለ፣ እና የእናቴን ታሪክ መድገም አንፈልግም። ሠራተኛው በራሱ እጅ የሚሞላው አንድ ወረቀት ይኑር፣ የማህበሩ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ፊርማ፣ በፈለገ ጊዜም የሚሰርዝበት። አለቃው የትኛውን እንደመረጠ ማየት የለበትም፣ ይሄ ካልተጠበቀ መብት ላይ ለሚሠራ ማህበር ማንም አይፈርምም። ከሁለት የሕግ ባለሙያ ጓደኞቼ ጋር ረቂቅ እየጻፍን ነው፣ የአሠሪው ሚስጥር ጠባቂነት ላይ ተጣብቀናል። አባል አሰባስቦ በመዋጮ የሚተዳደር የመብት ወይም የሲቪክ ማህበር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ከፋዩ ስንት ነው፣ ገንዘቡ በምን ይሰበሰባል፣ ኦዲቱስ ለማን ይነበባል።